የጃፓንኛ ጽሑፍ በብራውዘር ላይ ሲራራቅ ወይም ሲጣበቅ እንዴት ይስተካከላል?

ጃፓንኛ ከሚማሩ፣ ለትምህርት ጃፓን ከሄዱ፣ ያገለገለ መኪና ወይም መለዋወጫ በጃፓን ገጾች ላይ ከሚያፈላልጉ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፦ «ገጹን ስከፍተው ፊደላቱ ተራርቀው ይታዩኛል፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ተጣብቀዋል፤ ነጥቡም ቦታውን ለቋል። ምን ላድርግ?» ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከመመለስ መልሱን በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል።

ችግሩ ሲታይ አንድ ቢመስልም ምክንያቱ ብዙ ነው። ክፍተቱ ከጽሑፉ ከራሱ፣ ከፎንቱ (የፊደላቱን ቅርጽ ከሚወስነው ፋይል)፣ ከብራውዘሩ ቅንብር ወይም ከገጹ አሠራር ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያባክነው ምክንያቱን ሳይለይ ፎንት መቀያየር ስለሚጀምር ነው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሂዱባቸው። ችግሩ ከተፈታልዎት እዚያው ያቁሙ፤ ቀሪውን መነካካት አያስፈልግም።

የምናሌዎቹን ስም በእንግሊዝኛ አጠራራቸው የጻፍኩት ብዙ ሰው ኮምፒውተሩንም ስልኩንም በእንግሊዝኛ ስለሚጠቀም ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ወደ ቅርብ ጊዜ ስሪት የታደሰ ብራውዘር። ይህ ለደንቡ ያህል የተጻፈ አይደለም። ለምሳሌ ክሮም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ከወጣው 123ኛ ስሪቱ ጀምሮ፣ ሁለት የጃፓንኛ ሥርዓተ ነጥቦች ጎን ለጎን ሲመጡ በመካከላቸው የሚፈጠረውን ትርፍ ባዶ ቦታ ፎንቱ የሚፈቅድ ከሆነ በራሱ ይቀንሳል። በቆየ ስሪት ላይ ይህን ክፍተት ለማጥፋት መድከም ከንቱ ነው።
• ሁለተኛ ብራውዘር። ክሮም የሚጠቀሙ ከሆነ ፋየርፎክስን ይጨምሩ። ለማነጻጸር ብቻ ሳይሆን ደረጃ 6 ላይ ለሥራው ራሱ ይጠቅማል።
• ጤናማ መሆኑ የታወቀ አንድ የጃፓንኛ ገጽ። የጃፓንኛ ዊኪፒዲያ ለዚህ ይበቃል፤ ቋንቋው ጃፓንኛ መሆኑን ለብራውዘሩ በትክክል ያሳውቃል።
• ኖትፓድ ወይም ሌላ ተራ የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም።
• ፎንት ለማውረድ የሚበቃ ኢንተርኔት። ኮምፒውተሩ የቢሮ ወይም የትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ፎንት ለመጫን ፈቃድ ያለው ሰው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ትክክለኛው ምን ይመስላል?

ጃፓንኛ በቃላት መካከል ክፍተት አይተውም። እያንዳንዱ ፊደል፣ ከቻይና የተወረሰው ካንጂም ይሁን ድምፅ ብቻ የሚወክሉት ሂራጋና ወይም ካታካና፣ እንደ ሂሳብ ደብተር ካሬ እኩል በሆነ የራሱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሥርዓተ ነጥቡም የራሱ ሳጥን አለው። የዓረፍተ ነገር መዝጊያ የሆነችው ትንሽ ክብ በሳጥኗ ግራ ታችኛ ጥግ ላይ ትቀመጥና ቀሪው ሳጥን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ከነጥብ በኋላ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ቢያዩ ስህተት አይደለም። አንቀጽ ሲጀመር የአንድ ሳጥን ያህል ገባ ማለቱም ልማድ ነው። በላቲን ፊደልና በጃፓንኛ ፊደል መካከል የሳጥን ሩብ የሚሆን ክፍተት መኖሩ ደግሞ የጃፓን የኅትመት ሙያ ራሱ የሚጠይቀው ነው።

ስህተት የሚባሉት እነዚህ ናቸው፦ በአንድ ቃል ውስጥ የተበተኑ ፊደላት፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ ፊደላት፣ በሳጥኑ መሃል የተንሳፈፈ ነጥብ፣ እንዲሁም በአንድ መስመር ውስጥ አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ሆኖ የሚታይ ካንጂ። ይህን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ያልተበላሸውን ከማበላሸት ያድናል።

ደረጃ 1፦ ክፍተቱ የተጻፈ መሆኑን ይለዩ

ክፍተት ያለበትን አንድ መስመር ቀድተው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉ። ጠቋሚውን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አድርገው በቀኝ ቀስት ቁልፍ ፊደል በፊደል ይሂዱ። ጠቋሚው ባዶው ቦታ ላይ አንድ እርምጃ ከወሰደ፣ ባዶው ቦታ ራሱ የተጻፈ ምልክት ነው፤ የትኛውም ፎንት ወይም ቅንብር አያጠፋውም። ኖትፓድ ላይ ክፍተቱ ጭራሽ ከሌለ ወይም ጠቋሚው ምንም ሳይቆም ከፊደል ወደ ፊደል ከተሻገረ ግን ችግሩ የአቀራረብ ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ይሂዱ።

ከጽሑፉ የሚመጡት ክፍተቶች በብዛት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ሙሉ ስፋት ያለው ባዶ ቦታ ነው። በጃፓንኛ የመጻፊያ ስልት የቦታ ቁልፉን ሲጫኑ የሚገባው ባዶ ቦታ የአንድ ሙሉ ሳጥን ስፋት አለው። ጃፓኖች ርዕስ ለማስተካከልና ስምን ከቤተሰብ ስም ለመለየት ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛው ሙሉ ስፋት ያላቸው የላቲን ፊደላትና አኃዞች ናቸው። የመኪና ሞዴል ስም ወይም የሻሲ ቁጥር ፊደላቱ አንድ በአንድ ተራርቀው ከታዩ በአብዛኛው ምክንያቱ ይህ ነው። ለማረጋገጥ ኖትፓድ ላይ ከለጠፉት ስም ቀጥሎ ያንኑ ስም በራስዎ የእንግሊዝኛ ቁልፍ ይጻፉት። የእርስዎ ጠባብ፣ የእነርሱ ሰፊ ሆኖ ከታየ ሁለቱ በኮምፒውተር ዘንድ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የሻሲ ቁጥሩን ሌላ ገጽ ላይ ለመፈለግ ካሰቡ ቀድቶ ከመለጠፍ ይልቅ በጠባቡ እንደገና መጻፍ ይመረጣል።

ሦስተኛው ግማሽ ስፋት ያለው ካታካና ነው። ይህ ቀጭንና የተጨመቀ ነው፤ በጃፓን የባንክ ደብተሮች ላይ የሚታየው ዓይነት። በዚህ አጻጻፍ «ካ»ን ወደ «ጋ» የሚለውጡት ሁለት ጭረቶች ከፊደሉ ተነጥለው የራሳቸውን ቦታ ይይዛሉ። ጭረቶቹ ለብቻቸው ቆመው ቢያዩ አይደንግጡ፤ አጻጻፉ ነው።

ደረጃ 2፦ በግል መስኮት ይክፈቱት

በክሮምና በኤጅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን፤ በፋየርፎክስ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒ ይጫኑ። የግል መስኮቱ እርስዎ ካልፈቀዱለት በቀር ኤክስቴንሽን የሚባሉትን ተጨማሪ ፕሮግራሞች ሳያስነሳ ገጹን ይከፍታል። ክፍተቱ እዚያ ከጠፋ ጥፋተኛው ከእነዚህ አንዱ ነው። ገጽ የሚያጠቁሩ፣ ፎንት የሚቀይሩ፣ ንባብ ለማቅለል በፊደላት መካከል ቦታ የሚጨምሩና የሚተረጉሙ ፕሮግራሞችን አንድ በአንድ እያጠፉ ይፈትሹ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካጠፉ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቁ ነገ ሲያበሩት ችግሩ ይመለሳል።

ብራውዘሩ ገጹን በራሱ እየተረጎመው ከሆነም ትርጉሙን አስቁመው ዋናውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ለጃፓንኛ ካሬዎች ተለክቶ በተሠራ ጠባብ ቦታ ውስጥ ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ሲገቡ መስመሩ መዛባቱ አይቀርም።

ደረጃ 3፦ ማጉያውን፣ ትንሹን የፊደል መጠንና የንባብ ቅንብሩን ወደ ነበሩበት ይመልሱ

ኮንትሮልና ዜሮን ይጫኑ፤ ገጹ ወደ መቶ በመቶ ይመለሳል። ብራውዘሮች ማጉያውን ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ ለይተው ስለሚያስታውሱ፣ ከወራት በፊት ያጎሉት ገጽ ዛሬም እንዳጎሉት ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ለጃፓንኛ ተማሪዎች ወሳኝ ነው። ክሮም ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አፒራንስ»፣ «ከስተማይዝ ፎንትስ» ብለው ይግቡና «ሚኒመም ፎንት ሳይዝ» የሚለውን ይመልከቱ። ፋየርፎክስ ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ በ«ፎንትስ» ሥር «አድቫንስድ» የሚለውን ሲጫኑ ያገኙታል። ዓይናቸው እንዳይደክም ብለው ይህን ቁጥር ከፍ የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። በአማርኛ ገጽ ላይ ምንም ጉዳት የለውም። በጃፓንኛ ገጽ ላይ ግን ፉሪጋናን፣ ማለትም ከካንጂ በላይ ንባቡን ለማሳየት የሚጻፉትን ትንንሽ ፊደላት ሊያሳብጣቸው ይችላል።

በቁጥር እንየው። ካንጂው 16 ፒክሴል ከሆነ ፉሪጋናው ብዙውን ጊዜ ግማሹን፣ 8 ፒክሴል ይሆናል። ሁለት የፉሪጋና ፊደላት 16 ይሆኑና ከካንጂው ስፋት ጋር እኩል ይገጥማሉ። ትንሹን መጠን 12 ካደረጉት ግን ሁለቱ ፊደላት 24 ይሆናሉ፤ ብራውዘሩ እነርሱን ለማስተናገድ ከሥር ያለውን ካንጂ ከጎረቤቱ በ8 ፒክሴል፣ በግማሽ ሳጥን ያርቀዋል። ይህ በየካንጂው ሲደጋገም ዓረፍተ ነገሩ የተበተነ ይመስላል። ቁጥሩን ወደ ዝቅተኛው ይመልሱና ገጹን እንደገና ይጫኑት። ፊደሉ ካነሰብዎት ማጉያውን ይጠቀሙ፤ ማጉያው ካንጂውንና ፉሪጋናውን በእኩል መጠን ስለሚያሳድግ ምጣኔያቸው አይፈርስም።

በክሮም የንባብ ገጽታ፣ «ሪዲንግ ሞድ» ውስጥ የፊደላት ክፍተት ማስተካከያ አለ፤ በኤጅ «ኢመርሲቭ ሪደር» ውስጥም «ቴክስት ስፔሲንግ» የሚል አለ። ችግሩ የሚታየው በንባብ ገጽታ ብቻ ከሆነ ወደ መደበኛው ይመልሷቸው።

ደረጃ 4፦ ጃፓንኛው በቻይንኛ ፎንት እየታየ እንደሆነ ይፈትሹ

ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ መልስ የሚያገኙት እዚህ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ የኮድ ሥርዓት፣ የጃፓንኛና የቻይንኛ የጋራ ካንጂዎችን በአንድ ኮድ ያስቀምጣቸዋል። የአንዱ ካንጂ ቅርጽ በሁለቱ አገሮች ትንሽ ቢለያይም ኮዱ አንድ ነው። ስለዚህ ብራውዘሩ የትኛውን ቅርጽ እንደሚያሳይ የሚወስነው ገጹ «ጃፓንኛ ነኝ» ብሎ በማሳወቁ ነው። ገጹ ይህን ካላሳወቀ ብራውዘሩ የቋንቋ ዝርዝርዎንና ሥርዓቱን አይቶ ይገምታል። ስልክዎ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ከሆነ ግምቱ ብዙ ጊዜ ቻይንኛ ላይ ያርፋል።

ለመለየት «ቀጥታ» የሚል ትርጉም ያለውን፣ «ቾኩሴትሱ» በሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን ካንጂ አጉልተው ይመልከቱ። በጃፓንኛ ፎንት ከሆነ በግራ በኩል ወደ ታች የሚወርድ መስመር አለው፤ ያ መስመር ታች ላይ ታጥፎ የካንጂው መሠረት ይሆናል። በቻይንኛ ፎንት ከሆነ ያ የግራ መስመር የለም፤ ከታች አንድ አግድም መስመር ብቻ ነው ያለው። ሌላው ምልክት ነጥቡ ነው፦ በባህላዊው የቻይንኛ አጻጻፍ ፎንት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ በሳጥኑ መሃል ይቀመጣሉ። «ነጥቡ ተንሳፈፈ» የሚሉኝ ሰዎች የሚያዩት ይህንን ነው።

ፎንቱ ሲቀላቀል ክፍተቱም ይዛባል። ሂራጋናው ከአንዱ ፎንት፣ ካንጂው ከሌላው ሲመጣ በሳጥኑ ውስጥ የሚይዙት ቦታና ውፍረታቸው ስለማይገጥም ዓይን በፊደላቱ መካከል እኩል ያልሆነ ርቀት ያያል።

ደረጃ 5፦ የጃፓንኛ ፎንት መኖሩን ያረጋግጡ

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ዩ ጎቲክና ኤምኤስ ጎቲክ ከመጀመሪያው አብረው ይመጣሉ። ሜይሪዮና ዩ ሚንቾ ግን በተጨማሪው የጃፓንኛ ፎንት ጥቅል ውስጥ ናቸው። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይፈልጉ፤ «አድ» ወይም «ቪው ፊቸርስ» የሚለውን ይጫኑና «ጃፓኒዝ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መርጠው ይጫኑት። ከዚያ ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ይክፈቱ፤ አዲስ ፎንት ክፍት በነበረ ብራውዘር ላይ ላይታይ ይችላል።

የቱን ይምረጡ? በእኔ አስተያየት ለስክሪን ንባብ ሜይሪዮ ጥሩ ነው፤ በትንሽ መጠንም በግልጽ ይነበባል። በመስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ሰፋ እንደሚያደርግ ግን ይወቁ። ዩ ጎቲክ በመደበኛ ውፍረቱ ዊንዶውስ ላይ ሳሳ ብሎ ይታያል። ኤምኤስ ጎቲክን ለንባብ አይምረጡ፤ የላቲን ፊደላትን ሁሉ፣ ቀጭኗን «አይ»ንም ሰፊውን «ደብልዩ»ንም፣ በእኩል ግማሽ ሳጥን ስለሚያስቀምጣቸው የእንግሊዝኛ ቃላት የተራራቁ ይመስላሉ። በስሙ ላይ «ፒ» የተጨመረበት ኤምኤስ ፒ ጎቲክ ለእያንዳንዱ ፊደል እንደ ስፋቱ ቦታ ይሰጣል።

በነጻ የሚገኘውን ኖቶ ሳንስ ማውረድ ከፈለጉ የስሙን መጨረሻ በጥንቃቄ ያንብቡ። «ጄፒ» ጃፓንኛ፣ «ኤስሲ» ቀላሉ ቻይንኛ፣ «ቲሲ» ባህላዊው ቻይንኛ፣ «ኬአር» ኮርያኛ ነው። ኤስሲውን አውርደው «ምንም አልተለወጠም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ማክ ላይ ሂራጊኖ የተባለው ጥሩ የጃፓንኛ ፎንት አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። አንድሮይድና አይፎን ላይም እንዲሁ፤ በስልክ ላይ ችግሩ የፎንት እጥረት ሳይሆን የምርጫ ቅደም ተከተል ነው።

ደረጃ 6፦ ጃፓንኛን ከቻይንኛ እንዲያስቀድም ለብራውዘሩ ይንገሩት

በስልክ፦ አንድሮይድ ላይ «ሴቲንግስ» ውስጥ የቋንቋ ዝርዝሩን ይክፈቱ፤ ቦታው እንደ ስልኩ ዓይነት ይለያያል፣ በብዛት «ሲስተም» ሥር ነው። አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ አንደኛ እንደሆነ ይቆይ፤ ጃፓንኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩ። ቻይንኛ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ጃፓንኛው ከእርሱ በላይ ይሁን። አይፎን ላይ «ጄነራል»፣ ከዚያ «ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን» ገብተው ተመሳሳዩን ያድርጉ። ከዚያ ብራውዘሩን ዘግተው ይክፈቱ። ስልኩ ጃፓንኛ አይሆንም፤ የተለወጠው ሥርዓቱ ካንጂ ሲያገኝ ቀድሞ የሚሞክረው ፎንት ብቻ ነው።

በኮምፒውተር ክሮም ላይ፦ «ሴቲንግስ»፣ «ላንጉዌጅስ» ገብተው ጃፓንኛን ይጨምሩ። እዚህም ከእንግሊዝኛ በታች፣ ከቻይንኛ በላይ ይሁን። አንደኛ ካደረጉት ግን ቋንቋ የሚመርጡ ድረ ገጾች ሁሉ በጃፓንኛ ይከፈቱብዎታል።

በፋየርፎክስ፦ እዚህ ላይ ፋየርፎክስ ይበልጣል፤ ለእያንዳንዱ የጽሕፈት ሥርዓት ለብቻው ፎንት መምረጥ ያስችላልና። «ሴቲንግስ»፣ «ፎንትስ»፣ «አድቫንስድ» ይግቡ። ላይኛው ሳጥን ላይ «ጃፓኒዝ» የሚለውን ይምረጡና «ሰሪፍ» ለሚለው ዩ ሚንቾን፣ «ሳንስ-ሰሪፍ» ለሚለው ሜይሪዮን ወይም ኖቶ ሳንስ ጄፒን ይስጡ። የአማርኛና የእንግሊዝኛ ገጾችዎ አይነኩም።

ማስጠንቀቂያ፦ በክሮም «ከስተማይዝ ፎንትስ» ውስጥ የሚመርጡት ፎንት ለጃፓንኛ ብቻ አይደለም። እዚያ ሜይሪዮን ካስገቡ የራሳቸውን ፎንት ያልመረጡ የእንግሊዝኛ ገጾችም በሜይሪዮ ይታያሉ። ከመቀየርዎ በፊት የነበረውን የፎንት ስም ይጻፉ።

ደረጃ 7፦ የገጹ ፎንት እስኪደርስ ይጠብቁ ወይም ይዝለሉት

ብዙ የጃፓን ድረ ገጾች የራሳቸውን ፎንት ከኢንተርኔት ያስወርዳሉ። የእንግሊዝኛ ፎንት ጥቂት ፊደላት ብቻ ስላሉት ወዲያው ይወርዳል። በጃፓን ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተመደቡት ካንጂዎች ብቻ ግን 2,136 ናቸው፤ ፎንቱም እንደዚያው ከባድ ነው። ጭነቱን ለማቅለል ፎንቱን ከመቶ በላይ ቁርጥራጮች ከፍለው የሚልኩ አገልግሎቶች አሉ። ኢንተርኔቱ ሲዘገይ ወይም መሃል ላይ ሲቋረጥ አንዳንዱ ቁራጭ ይደርሳል፣ ሌላው ይቀራል፤ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ፎንት ተቀላቅሎ ይታያል። ንድፍ አውጪው ለራሱ ፎንት ብሎ ፊደላቱን አቀራርቦ ከነበረ፣ በምትኩ የገባው ፎንት ላይ ፊደላቱ ይደራረባሉ።

ጥቂት ጠብቀው ኮንትሮል፣ ሺፍትና አር ይጫኑ፤ ገጹ ቀድሞ የተቀመጠውን ትቶ እንደ አዲስ ይወርዳል። ይህ ዳታ ስለሚበላ በሞባይል ዳታ ላይ ደጋግመው አይሞክሩት። ግንኙነቱ ሁልጊዜ ደካማ ከሆነ ፋየርፎክስ ላይ በዚያው የ«አድቫንስድ» መስኮት ውስጥ ገጾች የራሳቸውን ፎንት እንዲመርጡ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ። ገጹ በእርስዎ ፎንት ብቻ ይታያል፤ አቀማመጡ ወጥ ይሆናል፣ ዳታም ይቆጥባሉ። ጉዳቱ በፎንት መልክ የተሠሩ አንዳንድ የአዝራር ምልክቶች ወደ ባዶ ሳጥን መለወጣቸው ነው፤ ሲቸገሩ መልሰው ያብሩት።

ደረጃ 8፦ መስኮቱን ያስፉት

ክፍተቱ በአንዳንድ መስመሮች ላይ ብቻ ከሆነና እነዚያ መስመሮች ከረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ወይም ከድረ ገጽ አድራሻ በፊት የሚመጡ ከሆነ ምክንያቱ የግራና የቀኝ ጠርዝ እኩል እንዲሆን መታዘዙ ነው። ረጅሙ ቃል አልበቃ ብሎት ወደ ታች ሲወርድ ከላይ የቀሩት ጥቂት ፊደላት መስመሩን ለመሙላት ይበተናሉ። መስኮቱን ያስፉት ወይም ስልኩን በአግድም ይያዙት። ካልሆነ በሳፋሪ ወይም በፋየርፎክስ የንባብ ገጽታ ይክፈቱት።

ጽሑፉ ጃፓንኛ መሆኑ ቀርቶ የማይነበብ የካንጂና የተጨመቀ ካታካና ክምር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የክፍተት አይደለም፤ ብራውዘሩ የገጹን ኮድ በተሳሳተ መንገድ አንብቦታል። ሺፍት-ጂስ ወይም ኢዩሲ በሚባሉት የቀድሞ የጃፓንኛ ኮድ ሥርዓቶች በተጻፉ የቆዩ ገጾች ላይ ይደርሳል። ፋየርፎክስ ላይ ኦልት ቁልፍን ጫን ሲያደርጉ በሚወጣው ምናሌ «ቪው» ሥር «ሪፔር ቴክስት ኢንኮዲንግ» የሚለውን ይጫኑ።

ደረጃ 9፦ ቅጽ ሲሞሉ ስፋቱን ይቆጣጠሩ

ጃፓን ያሉ ተማሪዎች በብዛት የሚቸገሩት እዚህ ነው። ቅጹ በቀይ ጽፎ ይመልሳል፤ እነርሱ ግን ስማቸውን በትክክል ጽፈዋል። ማስጠንቀቂያው ላይ «ዜንካኩ» የሚል ካዩ ሙሉ ስፋት፣ «ሃንካኩ» የሚል ካዩ ግማሽ ስፋት ይፈለጋል ማለት ነው። በአብዛኛው ስም በሙሉ ስፋት ካታካና፣ የስልክ ቁጥር፣ ሰባት አኃዝ ያለው የፖስታ ኮድና የኢሜይል አድራሻ በግማሽ ስፋት ይጠየቃሉ።

በዊንዶውስ የጃፓንኛ መጻፊያ ከጻፉ በኋላ፣ ኢንተር ከመጫንዎ በፊት፣ ከቃሉ ሥር መስመር ሳለ፦

• ኤፍ 7 ወደ ሙሉ ስፋት ካታካና ይለውጠዋል፤
• ኤፍ 8 ወደ ግማሽ ስፋት ይለውጠዋል፤
• ኤፍ 9 ወደ ሙሉ ስፋት የላቲን ፊደልና አኃዝ ይለውጠዋል፤
• ኤፍ 10 ወደ ግማሽ ስፋት የላቲን ፊደልና አኃዝ ይለውጠዋል።

ላፕቶፕ ላይ ከእነዚህ ጋር «ኤፍኤን» ቁልፍን አብሮ መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል። በስምዎና በአባትዎ ስም መካከል የሚገባው ባዶ ቦታም ስፋት አለው። በሂራጋና ስልት የቦታ ቁልፍ ብቻውን ሙሉ ስፋቱን፣ ከሺፍት ጋር ደግሞ ግማሹን ይሰጣል። ቅጹ ስሙን አልቀበልም ካለና ፊደሎቹ ትክክል ከሆኑ ይህን ባዶ ቦታ ይፈትሹ፤ ለዓይን ስለማይታይ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

የራስዎ ገጽ ካለዎት

አማርኛና ጃፓንኛን አቀላቅለው የሚጽፉ፣ ለምሳሌ የቋንቋ ትምህርት የሚያዘጋጁ ሰዎች፣ አንባቢዎቻቸው ደረጃ 4 ላይ እንዳይወድቁ ማድረግ ይችላሉ። ገጹ በአጠቃላይ አማርኛ ተብሎ ስለሚታወጅ ብራውዘሩ በውስጡ ያለው ካንጂ የማን እንደሆነ አያውቅም። ጃፓንኛ ያለበትን እያንዳንዱን ክፍል «ላንግ» በሚባለው መለያ ጃፓንኛ ብለው ያውጁት፤ ምልክቱ «ጄ» እና «ኤ» የተባሉት ሁለት ትናንሽ የላቲን ፊደላት ናቸው። ለአማርኛው ያደረጉት የፊደል ክፍተት ጭማሪ ካለ በጃፓንኛው ክፍል ላይ ዜሮ ያድርጉት። አንድ የጃፓንኛ አንቀጽ በምንጭ ኮዱ ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ መሃል ላይ መስመር ከሰበሩ ሰበራው በብራውዘር ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከፒዲኤፍ የተቀዳ ጽሑፍ በየመስመሩ መጨረሻ ክፍተት የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተለመዱ ስህተቶች

• የቻይንኛ ፎንቶችን ከኮምፒውተር ማጥፋት። ቻይንኛው ከጠፋ ጃፓንኛው ይመጣል ብለው የሚያጠፉ አሉ። ፎንቶቹ የሥርዓቱ አካል ናቸው፤ ሲጠፉ ሌሎች ገጾች ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ይበቃል።
• ብዙ የጃፓንኛ ፎንት በአንድ ጊዜ መጫን። አንዱን ጭነው ይፈትሹ። አሥር ከጫኑ ገጹ የትኛውን እንደወሰደ አያውቁም።
• ቅንብር ቀይሮ ብራውዘሩን ሳይዘጉ መፍረድ። ትሩን (ታቡን) መዝጋት አይበቃም፤ ሁሉንም መስኮት ይዝጉ።
• ከስክሪን ላይ የተነሳን ፎቶ እንደ ጽሑፍ ማየት። የመኪና ጨረታ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ ምስል ናቸው። ፊደሉን በጠቋሚ መምረጥ ካልቻሉ እዚህ ያለው አንዱም ደረጃ አይሠራበትም።
• በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሞክሮ ኮምፒውተሩን መክሰስ። የጃፓንኛ ዊኪፒዲያ በትክክል ከታየዎትና ያ አንድ ገጽ ብቻ ከተበላሸ ጉድለቱ የገጹ ነው። በንባብ ገጽታ ያንብቡትና ቅንብርዎን እንዳለ ይተዉት።